ከዜናው በታች ያለው ድምፅ

በአባቴ ሱቅ ውስጥ እንዳልነካ የተከለከልኩት ሦስት ነገር ነበር፤ ላምባው፣ ሚዛኑና ቴፑ። ላምባው ይሸታል፣ ሚዛኑም ለስምንት ዓመት ልጅ ይከብዳል፤ ሁለቱን መተው አላስቸገረኝም። ቴፑ ግን፣ ኧረ ተዉኝ! መያዣው ተሰብሮ በሽቦ የታሰረ፣ ባለ አንድ ድምፅ ማጉያ ቴፕ ነው። ከስኳር ጆንያው በላይ መደርደሪያው ላይ ቁጭ ብሎ ቀኑን ሙሉ ያየኛል፤ እኔም አየዋለሁ።

ሱቃችን ጋምቤላ ከተማ፣ ዛሬ ኒውላንድ ወደሚባለው ሰፈር መውጫ ላይ ነበር። አባቴ ሳኒ ከወልቂጤ ወገን ለንግድ መጥቶ እዚሁ የቀረ ሰው ነው። ጨው፣ ሳሙናና የባትሪ ድንጋይ ይሸጣል፤ ጎን ለጎን ሬዲዮና ቴፕ ይጠግናል። ማንም አላስተማረውም፤ እየፈታ ነው የለመደው። ፈቶ ሲገጥም አንዳንዴ ብሎን ይተርፈዋል። «ድሮም አያስፈልገውም ነበር» ይልና ኪሱ ይከተዋል። ሬዲዮው ግን ይሠራል።

ዓመቱ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ ሰባት ነው። ስኳር በቀበሌ ካርድ፣ ስብሰባ በየሳምንቱ፣ ዜና በሬዲዮ። ከሦስቱ የምወደው ዜናውን ነበር። ትርጉሙ ገብቶኝ እንዳይመስላችሁ፤ አንባቢው አንዴም ሳይደናቀፍ ማንበቡ ነው የሚገርመኝ። እናቴ ሀያቱ «ምን ትሆኛለሽ?» ስትለኝ «ዜና» እላለሁ። ዜና አንባቢ ማለቴ ነው።

እሑድ እሑድ፣ ቤተ ክርስቲያን ሲወጣ፣ ማማ ኛቢየል ትመጣለች። ኛቢየል የኑዌር ሴት ናት፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ የሱቃችንን በር ጎንበስ ብላ የምትገባ። ያን ጊዜ ቢበዛ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ለእኔ ግን ትልቅ ሰው ነበረችና «ማማ» እላታለሁ። ባሏ ጋትኩዋት ጥር ላይ ለብሔራዊ ውትድርና ተመልምሎ ወደ ሰሜን ሄዷል። ከመሄዱ በፊት ቤተ ክርስቲያናቸው በነበረው ቴፕ ድምፁን በካሴት ቀድቶ ሰጣት። ኛቢየል ማንበብ አትችልም፤ ስለዚህ ደብዳቤ ቢጽፍላት ሌላ ሰው ነበር የሚያነብላት። ካሴቱን ግን ራሷ ትሰማዋለች።

ቤቷ ቴፕ የለም፤ ጎጆዋ ውስጥ ምስጥ አለ፣ ዝናብም ያስገባል። ስለዚህ ካሴቱን እኛ ሱቅ በአደራ አስቀመጠችው። አባቴ በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ያኖረዋል። እሑድ ስትመጣ ቆርቆሮውን ይከፍታል፣ አዲስ ድንጋይ ያደርጋል፣ የአንድ ጆሮ ማዳመጫውን ይሰካላታል፤ ከዚያ ጀርባውን ሰጥቶ ሳሙና ይደረድራል። የባልና የሚስት ወሬ ነዋ! ሳሙናው ተደርድሮ ያለቀ እንደሆነ አፍርሶ እንደገና ይደረድረዋል። እሷ ጆንያው ላይ ተቀምጣ አንድ እጇን ጆሮዋ ላይ፣ አንድ እጇን በየሳምንቱ እየገፋ በሚመጣው ሆዷ ላይ አድርጋ ትሰማለች።

አንድ እሑድ አባቴ ካሴቱን ገልብጦ በጀርባው በኩል ያሉትን ሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች አሳያት።

«ኛቢየል፣ እነዚህን ልስበራቸው። ጥርሱ ከተሰበረ ማንም ተሳስቶ እላዩ ላይ አይቀዳበትም።»

«ተው፣ አትስበር» አለች። አማርኛዋ አጭርና ቀጥ ያለ ነበር። «መጨረሻ ላይ ቦታ አለ። ጋትኩዋት ብሏል፤ ልጅ ሲወለድ ድምፁን እዚያ ጨምሪ፣ ላኪልኝ ብሏል። ልጅ ሲያለቅስ እንቀዳለን። ከዚያ ስበር።»

«እሺ፤ እንግዲያው ልጁ ይምጣና ይሰበራል።»

ኑዌሮች በልጅነታቸው የታች የፊት ጥርሳቸውን ያስወልቃሉ፤ የኛቢየልም አልነበረም። እኔ ይህንን ከአባቴ ንግግር ጋር አገጣጥሜ የራሴን ሳይንስ አወጣሁ፤ ለካ ጥርሳቸውን የሚያስወልቁት አንዴ የሰሙት ነገር እንዳይጠፋባቸው ነው! ሳይንሴን ለክፍል ጓደኞቼም አስተማርኩ። አንዷ ተማሪዬ ማባዛት አልያዝ ብሏት ስለነበር ጥርሷን በጠጠር ልትመታ ስትል እናቷ ደረሰችባት። ከዚያ እናትየዋ እኛ ቤት መጣች፤ የቀረውን ልተወው።

ሰኔ ገባ። ባሮ ሞላ። አንድ ሐሙስ ከሰዓት አባቴ ቀበሌ ስብሰባ ሄደ፤ እናቴ ጓሮ ልብስ ታጥባለች፤ ሱቁን ጠብቂ ተባልኩ። ከቴፑ ጋር ብቻችንን ቀረን ማለት ነው። ውስጡ ካሴት አለ። አባቴ ለመሞከሪያ የሚጠቀምበት አንድ አሮጌ ካሴት ሁልጊዜ እዚያ ውስጥ ይውል ነበርና እሱ ነው ብዬ አላየሁትም። የጨው ጆንያ ላይ ወጣሁ፣ ማጫወቻውንና ቀዩን ቁልፍ አንድ ላይ ተጫንኩ፣ ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

«ጤና ይስጥልን ጓድ አድማጮች! ይህ የሳኒ ሱቅ ሬዲዮ ጣቢያ ነው። ዜናውን የማቀርብላችሁ ጓድ ዘኪያ ሳኒ ነኝ። ስኳር ዛሬም አልመጣም። ባሮ ወንዝ ብዙ ውሃ በመጠጣቱ ሆዱን ታሟል። የጎርደን ፍየል ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ገብታ ቃለ ጉባኤ በልታለች፤ ወዲያውኑ በቁጥጥር ሥር ውላለች። ፍየሏ ስለ ጉዳዩ ስትጠየቅ፣ ሜ! ስትል አስታውቃለች።»

እንዲህ እያልኩ የሰፈሩን ሰው አንድ በአንድ ዜና አደረግሁት። መሐል ላይ ሰማዩ ጠቆረና እናቴ ጮኸች፦ «ዘኪያ! ዝናብ መጣ፣ ልብሱን አስገቢ!» እኔም ወርጄ በጓሮ በር በረርኩ። እናቴ ልብሱን ይዛ ቤት ገባች፤ እኔ ዝናቡ እስኪያባራ ማድ ቤት ተቀመጥኩ። ስመለስ ቴፑ ጠፍቷል። ክሩ አልቆ ራሱ ቆመ ብዬ ካሴቱን አወጣሁት። እላዩ ላይ በአባቴ ጽሕፈት የተጻፈውን ፊደል እየቆጠርኩ አነበብኩት፤ ጋ፣ ት፣ ኩ፣ ዋ፣ ት።

ክው አልኩ። ለካ አባቴ በዚያ ሳምንት ቆርቆሮው እርጥበት ይዞበት ካሴቱ ተበላሽቶ እንደሆነ ሊሞክር ቴፑ ውስጥ ከቶት ኖሯል። እኔ ምን አውቄ! መልሼ ከተትኩትና ወጥቼ ደጃፉ ላይ ቆምኩ። ማታ በፀሎት ምንጣፏ ላይ ከእናቴ ጎን ተደፍቼ አላህን ለመንኩት፤ የጋትኩዋትን ድምፅ ይመልስ እንጂ ሁለተኛ ቴፕ አልነካም፣ ረመዳንንም ሙሉውን እፆማለሁ አልኩ። በማግስቱ ትኩሳት ያዘኝ። እናቴ ወባ ነው ብላ ያንን መራራ ኪኒን አስዋጠችኝ። ወባ አልነበረም፤ ግን ይገባኛል ብዬ ዋጥኩት።

ዓርብ ማታ አልጋ ውስጥ ሆኜ አባቴ ከውጭ ገብቶ ከእናቴ ጋር ዝቅ ባለ ድምፅ ሲያወራ ሰማሁ።

«ነገርኳት» አለ።

«ምን አለች?»

«እንዳትወድቅ ብዬ ክንዷን ሁሉ ይዤ ነበር፤ ስምንት ወሯ እኮ ነው። ከዚያ ‹ልጅቷ ስንት ዓመቷ ነው?› አለችኝ። ስምንት አልኳት። ‹ተዋት› አለች።»

«ላ ኢላሃ ኢለላህ» አለች እናቴ፤ አፍንጫዋንም ስትጠርግ ሰማሁ።

እኔ አባቴ ትምህርት ቤት ስለሚያስመዘግባት የሌላ ሰው ልጅ የሚያወሩ መሰለኝ። አባቴ ማመልከቻ የሚጽፍላቸው ሰዎች ብዙ ነበሩና፣ ስምንት ዓመት ሆኗት ለአንደኛ ክፍል ዘግይታለች፣ ለዚህ ነው እናቴ ያዘነችው ብዬ ተኛሁ።

እሑድ ደረሰ። ኛቢየል ጎንበስ ብላ ገባች። እኔ ከጨው ጆንያው ኋላ ተደብቄ በስንጥቁ አያለሁ። አባቴ ድንጋዩን ከተተ፣ አወጣ፣ እንደገና ከተተ፤ አልገባ ብሎት መሰለኝ። ማዳመጫውን ሰጣትና ወደ ሳሙናው ዞረ፤ ግን አልደረደረም፣ ቆመ።

ኛቢየል ዓይኗን ጨፍና ሰማች። ፊቷ ላይ ምንም የለም። ቆየች። ከዚያ ዓይኗን ገልጣ በቀጥታ ወደ ጆንያው፣ ወደ እኔ፣ አየች። ከዚያ ሳቀች! አፏን በእጇ ይዛ፣ ትከሻዋ እየተርገፈገፈ፣ እንባዋ እስኪወርድ ድረስ ሳቀች።

«ሳኒ» አለች ማዳመጫውን እያወጣች። «ጥሩ ነው። በደንብ ይሰማል።»

አባቴ ካሴቱን አወጣ።

«አሁን ጥርሱን ስበር» አለችው።

ልጁ ገና አልተወለደም። አባቴ ግን አልተከራከረም፤ ጠፍጣፋውን መፍቻ አንስቶ ሁለቱንም ጥርሶች ቀጭ ቀጭ አድርጎ ሰበራቸው። እኔ ከጆንያው ኋላ አላህን እያመሰገንኩ ነበር። ድምፁ አልጠፋም! እኔ ስገባበት ጋትኩዋት ትንሽ ጠጋ ብሎ ቦታ ሰጥቶኝ፣ እኔ ስወጣ ተመልሶ ተቀምጧል። ካሴት ማለት እንዲህ ያለ ደግ ነገር ነው ብዬ አመንኩ። ትኩሳቴም በዚያው ለቀቀኝ።

ዱዋል ነሐሴ ላይ ተወለደ። ለቅሶውን በሌላ ካሴት ቀድተው ወደ ሰሜን ላኩት፤ መልስ አልመጣም። ኛቢየል ግን እሑድ አልቀረችም። ሕፃኑን ታቅፋ፣ በኋላም ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ያንን ካሴት ሰማች። ሁልጊዜ እዚያው ቦታ ስትደርስ ትስቃለች። ጋትኩዋት ምን ያለ ቀልደኛ ሰው ነው እያልኩ እቀና ነበር፤ የእኔ አባት ቀልዱ ስለ ብሎን ብቻ ነው። ከዚያ ኢታንግ ሥራ አገኘችና ካሴቷን ይዛ ሄደች። ጦርነቱ አለቀ፣ መንግሥት ተለወጠ፤ ጋትኩዋት አልተመለሰም።

ረመዳንን ፆምኩ፤ ቴፕ አልነካም ያልኩትን ግን አልጠበቅሁም። አዲስ አበባ ሄጄ የድምፅ ቴክኒሻን ሆንኩ። ከሃያ ዓመት በላይ ሬዲዮ ጣቢያ ሠራሁ። ሌሎች ባለሙያዎች «ይኼ ክር አብቅቶለታል፣ ጣሉት» ሲሉ እኔ አልጥልም፤ ከጆንያው ኋላ ያየሁትን አየሁ አይደል? አባቴ ከሞተ በኋላ፣ አላህ ይማረው፣ ጋምቤላ ተመልሼ በዚያችው ሱቅ ውስጥ አሮጌ ካሴት ወደ ዲጂታል የምገለብጥበት ክፍል ከፈትኩ። ሰው የሠርግ መዝሙር፣ የሟች እናቱን ምክር፣ የስብከት ካሴት ያመጣልኛል።

ባለፈው ጥቅምት አንድ ረጅም ሰው በሩን ጎንበስ ብሎ ገባ። ፊቱን ሳላይ በአገባቡ አወቅሁት።

«ዱዋል ነኝ። የኛቢየል ልጅ።»

ተቃቀፍን። አርባ ዓመት ሊሞላው ነው፤ ኢታንግ የእርዳታ ድርጅት ሾፌር ነው። ከኪሱ በላስቲክ የተጠቀለለ ካሴት አወጣ።

«እህቴ ዘኪያ፣ እናቴ አታውቅም። ከሣጥኗ ነው የወሰድኩት። ልጅ ሆኜ አሰሚኝ ስላት ክሩ አርጅቷል፣ ቴፕ ይበላዋል ትለኛለች። ሁለተኛ አልጠየቅኋትም። አሁን ግን እኔም ልጆች አሉኝ፤ የአያታችሁ ድምፅ ይኼ ነው ልላቸው እፈልጋለሁ። እኔ ራሴ የአባቴን ድምፅ አንድ ቀን ሰምቼው አላውቅም።»

«ልክ ቦታው መጥተሃል» አልኩት፤ እየኮራሁ።

እንዴት እንደሚገለበጥ ጠየቀኝ። ለሰው ሁሉ እንደማስረዳው አስረዳሁት። ልጅ ሳለን ኦቹዶ የሚባል አኙዋክ ጠዋት ጠዋት ባሮ ዳር ወርዶ፣ ወንዙ ውስጥ በተተከለ ባለ ምልክት እንጨት የውሃውን ከፍታ አይቶ ደብተሩ ላይ ይጽፍ ነበር።

«ካሴቱ ላይ ያለው ድምፅ ወንዙ ነው በለው፤ ሳይቋረጥ ይወጣል ይወርዳል። አናሎግ የምንለው እሱን ነው። ዲጂታል የኦቹዶ ደብተር ነው። ደብተሩ ውስጥ ውሃ የለም፣ ቁጥር ብቻ ነው። ግን ቁጥሩን በተርታ ነጥብ አድርገህ ብታገናኘው ወንዙ እንዴት እንደሞላና እንደጎደለ መልሶ ይወጣልሃል።»

«በቀን አንዴ በማየት?»

«ኦቹዶ በቀን አንዴ ነው፤ መሐል ላይ የመጣ ጎርፍ ያመልጠዋል። የእኔ ማሽን በሰከንድ ዘጠና ስድስት ሺህ ጊዜ ያያል። ደግሞ የእንጨቱ ምልክት አለ። ምልክቱ በክንድ በክንድ ከሆነ ትንሿ ሞገድ አትጻፍም። የእኔ ምልክት ግን ከፀጉር ይቀጥናል፤ በጣም ደካማዋ ድምፅ እንኳ ቁጥር ታገኛለች።»

ዱዋል አሰበና «ወንዙ ደርቆ ቢሆንስ?» አለ።

«ከደረቀ ዜሮ፣ ዜሮ ብሎ ይጽፋል። ኦቹዶ ውሃ አይጨምርም።»

ሳቅን። ሁለት ቀን ስጠኝ ብዬ ሸኘሁት። ክሩን ከአሮጌው የፕላስቲክ ልባሱ አውጥቼ አዲስ ልባስ ውስጥ አዛወርኩት፣ የቴፑን ጭንቅላት፣ ድምፅ የሚቀዳውንና የሚያነበውን ብረት፣ በአልኮል ጠረግሁት፣ ማዳመጫዬን አደረግሁ፣ ተጫንኩ።

«ጤና ይስጥልን ጓድ አድማጮች! ይህ የሳኒ ሱቅ ሬዲዮ ጣቢያ ነው።»

አቆምኩት። ከወንበሬ ተነሣሁ፣ በሩን ዘጋሁ፣ ተመለስኩ፣ እንደገና ተጫንኩ። ያቺው ናት። ስኳር አልመጣም። ባሮ ሆዱን ታሟል። የጎርደን ፍየል ስትደርስ፣ ኛቢየል ሁልጊዜ የምትስቅበት ደቂቃ መሆኑን አወቅሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ ጆሮዋ ላይ አድርጋ የሰማችው እኔን ነበር። ጋትኩዋት ጠጋ አላለልኝም፤ አጥፍቼዋለሁ። ያመንኩት ተአምር ሁሉ፣ የሙያዬ መሠረት ሁሉ፣ አንዲት ሴት ለአንዲት ልጅ ስትል የሳቀችው ሳቅ ነው። አንገቴን ደፍቼ አለቀስኩ። ለዱዋል ምን ልለው ነው? አባትህን እኔ በላሁት ልለው ነው?

ካሴቱ መሄዱን አላቆመም። ልጅቷ ሮጣ ወጣች፤ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲመታ ይሰማል። ከብዙ በኋላ በር ተንቋቋ።

«ዘኪያ!» አባቴ ነው። ከሞተ አሥራ አንድ ዓመቱ፤ ድምፁ ግን ዝናብ የመታው ሰው ድምፅ ነው። ቴፑ አጠገብ ቆመ። «ያ ረቢ! ሀያቱ፣ ነይ እስቲ። የኛቢየልን ካሴት ውስጡ ትቼው ሄጄ፣ ልጅቷ ቀድታበታለች።»

«ምን? ይህቺን ልጅ ዛሬ ቆዳዋን ነው የምገፋት!»

«ተያት። እኔ ነኝ ረስቼ የተውኩት፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። አንዲት ቃል እንዳትናገሪያት። ለኛቢየል እኔው እነግራታለሁ።»

ከዚያ ቀጭ። የቀረው ለልጁ ለቅሶ የተተወው ባዶ ቦታ ነው። ስለዚህ ያን ቀን ክሩ ራሱ አልቆ አልነበረም የቆመው፤ አባቴ ነበር ከስብሰባው ብቅ ብሎ አቁሞት የተመለሰው። ዓርብ ማታ ስምንት ዓመቷ ነው የተባለችውም እኔው ነበርኩ። አባዬ፣ እድሜ ልክህን አንዴ እንኳ አላነሣህብኝም። ምስጋናውን በሕይወትህ ሳለህ ልሰጥህ አልቻልኩም፤ አላወቅሁም።

እንባዬን ጠርጌ ያንን የዝናብ ክፍል ደግሜ ሰማሁት፣ የአባቴን መምጣት ለመጠበቅ ብዬ ነው። ያኔ ነው ከዝናቡ ሥር የሆነ ነገር የሰማሁት። ድምፁን ከፍ አደረግሁ። ሹክሹክታ ይመስላል፤ ግን ይነሣል ይወድቃል፣ ትንፋሽ ይወስዳል። የወንድ ድምፅ ነው፤ ቋንቋውም ኑዌርኛ ነው!

ነገሩ እንዲህ ነው። የቤተ ክርስቲያኑ ቴፕ ጭንቅላትና የእኛ ቴፕ ጭንቅላት ቁመታቸው እኩል አልነበረም። የእኛው ሲያጠፋ የደረሰበትን ብቻ አጠፋ፤ በክሩ ጠርዝ በኩል ከፀጉር ብዙም የማይወፍር መስመር ሳይነካ ተረፈ። የማጫወቻዬን ጭንቅላት የያዘችውን ትንሽ ብሎን በጠባብ መፍቻ ያዝኩና በጣም ቀስ ብዬ አዞርኩ። ልጅቷ ራቀች። ትንሽ ጨመርኩ፤ ልጅቷ ጠፋች፣ ሰውየው መጣ። ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ከሃያው ደቂቃ፣ እየተቆራረጠ፣ ሰው ሊሰማው የሚችል አራት ደቂቃ ያህል ወጣ። እሱን ብቻ አንድ ፋይል አድርጌ ፍላሽ ላይ ጫንኩት። የልጅቷን ዜና ለብቻው ሌላ ፋይል አድርጌ ኮምፒውተሬ ላይ ተውኩት፤ ላሰማው ቀርቶ ላነሣውም አፈርኩ።

ዱዋል ሲመጣ ግን ሁሉንም ነገርኩት። አላሳጠርኩም፣ ራሴንም አላዳንኩም። ቆሞ ሰማኝ። ካሴቱን መልሶ በላስቲኩ ጠቀለለው።

«እናቴ ታውቃለች?» አለ በመጨረሻ።

«ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ።»

«እንግዲያው እሷ ፊት እንስማው።»

ኛቢየል ከኢታንግ ተመልሳ ኒውላንድ ገብታለች፤ እስከዚያ በእግር ሄድን፤ በመንገድ አንድ ቃል አልተናገረኝም። ኛቢየል ግቢዋ ውስጥ ኒም ዛፍ ጥላ ሥር የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ፀጉሯ ነጥቷል፤ ቁመቷ ያው ነው። ካሴቱን በልጇ እጅ ስታይ ሁሉም ነገር ገባት። እኔ እግሯ ላይ ልወድቅ ስል ትከሻዬን ያዘችኝ።

«ማማ፣ እኔ ነኝ ያጠፋሁት። ይቅር በዪኝ።»

«አባትሽ ነግሮኛል» አለች። «ቤቴ መጣ፤ ቁርአን ይዤ እምላለሁ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው አለ። ትልቅ ሰው እንደ ልጅ አለቀሰ። እሑድ ሄድኩ፤ ያለውን ልስማ ብዬ። ቤቴ ስመለስ አልቅሻለሁ፣ አልዋሽሽም። ሱቅ ውስጥ ግን ዓይንሽን አየሁ። ከጆንያ ኋላ። ያን ቀን እኔ ባለቅስ አንቺ ትሞቻለሽ።»

ፍላሹን ትንሿ ድምፅ ማጉያ ላይ ሰካሁት።

የጋትኩዋት ድምፅ ግቢው ውስጥ ወጣ። ቀጭን ነው፣ ይሻክራል፣ ግን የሰው ድምፅ ነው። ኛቢየል እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ወደ መሬት ታያለች። ዱዋል አልተነቃነቀም። አንድ ዓረፍተ ነገር ተሰማ፣ ሁለት፤ ከዚያ ድምፁ ተቆረጠ። ጭር አለ። ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት፣ ኛቢየል በኑዌርኛ የጎደለውን ቀጠለችው። ጨርሳው ዝም ስትል ጋትኩዋት ተመልሶ መጣ፤ ልክ እሷ የተወችው ቃል ላይ።

እንደገና ተቆረጠ። አሁን የቀጠለው ዱዋል ነው! እሱም ልክ ነበር፤ ጋትኩዋት ሲመለስ ሁለቱ አንድ ቃል አብረው አሉ። ዱዋል በድንጋጤ እናቱን አያት።

«ይኼ እኮ የመኝታ ተረቴ ነው» አለኝ በአማርኛ። «ስለ በሬው፣ ስለ ወንዙ፣ እናትህን ታዘዝ የሚለው። ማታ ማታ ትነግረኝ ነበር፤ ስሳሳት ታርመኛለች። እኔም ለልጆቼ እነግራቸዋለሁ። የአባቴ ቃል መሆኑን አላውቅም ነበር።»

«እንዴት ታውቃለህ?» አለች ኛቢየል። «ካሴቱ ደህና ነው ብዬሃለሁ። ቃሉ የማን ነው ብነግርህ ካሴቱስ የት ሄደ ትላለህ። ከዚያ በሳኒ ልጅ ቂም ትይዛለህ።» ቀጥላም ቆጣ አለች፦ «እዚያ ጋ ደግሞ ተሳስተሃል። ያስላል። አስሎ ነው ‹ልጄ› የሚለው።»

ዱዋል ሳቀ፤ እያለቀሰ ሳቀ። ከዚያ እጄን ያዘ፤ መንገዱን ሙሉ ያልተናገረኝ ሰው እጄን አጥብቆ ያዘው። እስከ መጨረሻው እንዲሁ ሰማን። እኔ ሦስት ቀን ቁጭ ብዬ ከጠርዝ የለቀምኩትን አራት ደቂቃ እናትና ልጅ ሃያ ደቂቃ አደረጉት፤ አንድም ቃል አልጎደለም።

ሲያልቅ ኛቢየል ወደ እኔ ዞረች።

«ልጅቷስ?» አለች።

«የቷ ልጅ?»

«ዜና የምታወራው።»

«እሷን አወጣኋት፣ ማማ። እሷ እኮ ናት ያበላሸችው።»

«ማን አውጪ አለሽ?» እውነተኛ ቁጣ ነበር። «ጋትኩዋት ሄደ፣ አልመጣም። ሰው ሁሉ ሲያየኝ ያዝናል። በሳምንት አንድ ቀን የሚያስቀኝ ማን ነበር? እሷ። ጋትኩዋትን በቃሌ ይዤዋለሁ፤ ዱዋልም ይዞታል። እሷን ግን ማንም አልያዘልኝም። ሂጂ፣ አምጪያት።»

ቀትር ነበር፤ የጋምቤላ ፀሐይ አናት ይበሳል። ዱዋል እናቱ ደጅ ባቆማት መኪና ላድርስሽ አለኝ፤ እምቢ አልኩት። እያለቀስኩ፣ አላህንም አባቴንም እያመሰገንኩ፣ ላመጣት ወደ ሱቅ ሄድኩ።